ጠቅታው የማን ነው? በነባር አዝራር ላይ ሥራ ስለመጨመር የተደረገ ዳሰሳ

አንድ የክፍያ አፕ ላይ ስሠራ የተሰጠኝ ሥራ የግማሽ ሰዓት ይመስል ነበር። «ላክ» የሚለው አዝራር በተነካ ቁጥር ሰዓቱንና ገጹን መዝግቦ የሚያስቀምጥ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ጨመርኩና ሞከርኩት፤ መዝገቡ በትክክል ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ግን አፑን እንዲሞክሩ የሰጠኋቸው ባልደረቦቼ «ብሩ አይሄድም» ብለው ደወሉ። አዝራሩ ይጫናል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ መዝገቡም ይሞላል፤ ገንዘቡ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የስህተት መልእክት የለም፤ አፑም አልተዘጋም። ያን ቀን እስኪመሽ ስህተቱን የፈለግሁት በኔትወርኩና በሰርቨሩ በኩል ነበር። ስህተቱ የነበረው ግን ጠዋት በጨመርኳት በዚያች መስመር ውስጥ ነው።

በአንድሮይድ ለአዝራር ሥራ የሚሰጠው ሴትኦንክሊክሊስነር በሚባለው ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከመጀመሪያው አንድሮይድ ጀምሮ አለ። ቁም ነገሩ በስሙ መነሻ ላይ ነው፤ «ሴት» ማለት «አስቀምጥ» እንጂ «ጨምር» ማለት አይደለም። አዝራሩ ለአድማጭ፣ ማለትም ሲነካ ለሚጠራው ኮድ፣ ያዘጋጀው አንድ ወንበር ብቻ ነው። አዲስ አድማጭ ሲመጣ የተቀመጠው ይነሣል፤ መነሣቱንም የሚናገር የለም። የኔ መዝጋቢ ገንዘብ ላኪውን አስነሥቶ በቦታው ተቀምጦ ነበር።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሥራ ያለው አዝራር ላይ የቀድሞውን ሳያጠፉ ሌላ ሥራ እንዴት ይጨመራል? በሞባይል አፕ ላይ የሚሠራ ሰው በየሳምንቱ ይገጥመዋል። አንዱ የአጠቃቀም መረጃ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ሌላው ከመላክ በፊት ኢንተርኔት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ሌላው የሚስጥር ቁጥር መጠየቅ፣ ሌላው አዝራሩ ሁለቴ እንዳይነካ መከልከል ይፈልጋል። በኛ አገር ጉዳዩ ከጌጥ ያለፈ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቤት ኪራይም የልጅ ወጪም በስልክ የሚላክ ሆኗል፤ አንድ አዝራር የያዘው ሥራ የሰው ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ለሁሉም የሚመጣው ነው፦ የቀድሞውን አድማጭ ከአዝራሩ ተቀብሎ፣ በአዲሱ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሁለቱንም በተራ መጥራት። ችግሩ አንድሮይድ የሰጡትን አድማጭ መልሶ አለመስጠቱ ነው። አድማጭ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይቻላል፤ ያለውን አድማጭ ብቻ በቀጥታ መጥራትም ይቻላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከአንድሮይድ 4.0.3 ጋር የመጡ ናቸው። «ማን ነው የተቀመጠው?» ለሚል ጥያቄ ግን መልስ የለም። የሚገርመው፣ ለዝርዝር ማሳያዎች የተሠራው አዳፕተርቪው ስለ ዝርዝሩ ዕቃዎች ጠቅታ ሲጠየቅ አድማጩን ይመልሳል። የጽሑፍ መጻፊያው ሳጥን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የፈለጉትን ያህል አድማጭ ይቀበላል። ጎግል ራሱ በኋላ የሠራቸውን ክፍሎች እያየ አርሟል፤ በሪሳይክለርቪው ላይ ማሸብለልን የሚያዳምጠው «አስቀምጥ» ቀርቶ «ጨምር» ተተክቷል፤ በቪውፔጀርና በድሮወርሌይአውትም እንዲሁ። ጠቅታው ግን እስከ ዛሬ በአንድ ወንበሩ ላይ ነው። ብዙ አፖች በዚያ ላይ ስለተገነቡ መለወጡ ቀላል እንደማይሆን ይገባኛል። ቢሆንም በዚህ ምክንያት የጠፋው የሥራ ሰዓት ያሳዝነኛል።

በሩ ሲዘጋ በመስኮት የገቡ አሉ። ሪፍሌክሽን በሚባለው መንገድ የአዝራሩን የውስጥ ክፍል ከፍቶ የተደበቀውን አድማጭ ማውጣት ለዓመታት እንደ ብልሃት ሲነገር ኖሯል። እኔም ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬ ማንንም አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አንድሮይድ 9 ለአፕ ሠሪዎች ያልተፈቀዱ የውስጥ ክፍሎችን በዚህ መንገድ መንካትን መገደብ ጀምሯል። ዛሬ የሚከፈተው መስኮት በሚቀጥለው አፕዴት ሊዘጋ ይችላል። የሚዘጋው ደግሞ በሠሪው ስልክ ላይ ሳይሆን አዲስ ስልክ በገዛው ደንበኛ እጅ ነው።

ከዚህ የሚሻለው የራስን አዝራር መሥራት ነው። ሴትኦንክሊክሊስነር ሊሻሻል የሚችል ትእዛዝ ስለሆነ፣ ከአንድሮይዱ አዝራር የሚወለድ የራስን ክላስ ጽፎ የመጣውን አድማጭ ሁሉ በሌላ ሸፍኖ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ወይም ፐርፎርምክሊክ የሚባለውን ማሻሻል ነው፤ የተጠቃሚው ጠቅታ ከየትም ቢመጣ በመጨረሻ የሚያልፈው በዚያ ነው። ይህ ንጹሕ መንገድ ነው፤ የሚያገለግለው ግን አዝራሩ የራስ ሲሆን ብቻ ነው። ከሌላ ላይብረሪ የመጣ አዝራር አባቱን አይለውጥም።

ወንበሩ አንድ ብቻ መሆኑ የአንድሮይድ ፈጠራ አይደለም። ዌብም በዚሁ አልፏል፤ ኦንክሊክ ለሚባለው ቦታ አዲስ ፈንክሽን የሰጠ ሰው የቀድሞውን ያጠፋል። ዓለም አቀፉ የዌብ ጥምረት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ያጸደቀው ሁለተኛ ደረጃ የዶም ኢቨንት መስፈርት አድኢቨንትሊስነርን ሲያመጣ ግን ወንበሩ አግዳሚ ሆነ፤ ብዙዎች ጎን ለጎን ይቀመጡበታል። የአይፎን አዝራሮችም ከጥንቱ አግዳሚ ናቸው። አድታርጌት የሚባለው ትእዛዝ በስሙ እንደሚናገረው ይጨምራል፤ ማንንም አያስነሣም። ተቀማጮቹ እነማን እንደሆኑ መጠየቅም ይቻላል። በሲሻርፕ ለሚሠሩ፣ ለዛማሪንም ሆነ እሱን ለተካው ማዊ፣ የመደመርና የእኩል ምልክት ተጣምረው ያንኑ ያደርጋሉ።

ታዲያ የአይፎን አፕ ሠሪ እፎይ ይበል? አይደለም። አግዳሚም የራሱ ጣጣ አለው። የረዥም ዝርዝር ረድፎች ከስክሪኑ ሲወጡ አይጣሉም፤ ተጠርገው ለሚቀጥለው መረጃ ያገለግላሉ። ረድፉ ዳግም በተሞላ ቁጥር አዲስ አድማጭ የሚጨምር ኮድ የጻፈ ሰው፣ ተጠቃሚው አሸብልሎ ሲመለስ በአንድ ንክኪ አራት ጊዜ «ወደ ጋሪ ጨምር» ሲሠራ ያያል። አይፎን ላይ ያንኑ ታርጌትና ያንኑ ተግባር ደጋግሞ መስጠት አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ለአዝራር የሚሰጠው ዩአይአክሽን ግን የሚለየው በመታወቂያው ነው፤ መታወቂያው አንድ ከሆነ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል፤ ካልተሰጠው ሁሉም እንደ አዲስ ሰው ይቀመጣል። ዌቡም ያንኑ ፈንክሽን ሁለቴ አይመዘግብም፤ ስም የለሽ ሆኖ እዚያው የተጻፈ ፈንክሽን ግን በእያንዳንዱ ዙር አዲስ ነው። ሲሻርፕ እነዚህን አይለይም፤ ሁለቴ የደመሩትን ሁለቴ ይጠራል። በዚህ ረገድ የአንድሮይድ አንድ ወንበር ጥቅም አለው፤ በተመለሰ ረድፍ ላይ አዲሱ አሮጌውን ስለሚያስነሣ ድግግሞሽ አይፈጠርም። ነቀፌታዬ ይህን ሊሸፍን አይገባም።

በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ጥያቄውን ከሌላ በኩል ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ስዊፍትዩአይ፣ በ2021 የተረጋጋው ጄትፓክ ኮምፖዝ፣ ፍላተርና ሪአክት ኔቲቭ አዝራርን «እዚያ ያለ ዕቃ» አድርገው አያዩትም። አዝራሩ በእያንዳንዱ ጊዜ ከመረጃው ይጻፋል፤ ሲነካ የሚሠራው ፈንክሽንም ከጽሑፉና ከቀለሙ ጋር አብሮ ይሰጠዋል። የቀድሞውን ከአዝራሩ ማውጣት የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ ፈንክሽኑ መጀመሪያውኑ በሰጪው እጅ ነውና። ሁለቱን ሥራ በአንድ ፈንክሽን አስገብቶ መስጠት ነው፤ በቃ።

ሆኖም ከአሮጌው ዓለም የመጣ ልማድ እዚህም ያሰናክላል። ብዙ ሰው ኮምፖዝ ላይ ላለ አዝራር ክሊከብል የሚባለውን ማሻሻያ ከውጭ ይጨምርለታል፤ ሁለቱም ይሠራሉ ብሎ ነው። አይሠሩም። ንክኪውን የሚወስደው የውስጠኛው፣ የአዝራሩ የራሱ ነው፤ የውጭው ምንም አይደርሰውም። ፍላተር ደግሞ ነገሩን የትግል ሜዳ አድርጎታል፤ ስሙም በይፋ እንዲሁ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሁለት የንክኪ ተቀባዮች ሜዳ ይገባሉ፤ አንዱ ብቻ ያሸንፋል፤ ለተራ ንክኪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው የውስጠኛው ነው። በሪአክት ኔቲቭ አንዱ ተጫኝ በሌላው ውስጥ ሲቀመጥም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ዳር ቆሞ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሁሉም መስኮት ትተዋል፤ ፍላተር ሊስነር የሚባለውን፣ ኮምፖዝ ኢንተራክሽንሶርስን፣ ስዊፍትዩአይ ሳይመልቴኒየስጀስቸርን። እነዚህ የጣቱን እንቅስቃሴ ያሳያሉ። ጣቱ መንካቱና ሥራው መሠራቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ መንገድ የምመርጠው አንዱን ነው፦ መሸፈን። ሥራው ለአዝራሩ ከመሰጠቱ በፊት በሌላ ፈንክሽን ይሸፈናል፤ አዲሱ የራሱን ይሠራና የቀድሞውን ይጠራል። አዝራሩ የሚያውቀው አንድ አድማጭ ብቻ ነው፤ ወንበሩ አንድ ቢሆንም አግዳሚ ቢሆንም ግድ የለውም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የፕሮግራም አሠራር ንድፎች መጽሐፍ ውስጥ ዲኮሬተር ይባላል፤ ሌላው ስሙም «መሸፈኛ» ማለት ነው። እነሱ ምሳሌ ያደረጉት የጽሑፍ ማሳያ መስኮት ላይ ዳርቻና ማሸብለያ መጨመርን ነበር። ነገሩ ከጥንቱም የስክሪን ነገር ነው።

መሸፈን ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍላተር ላይ ለአዝራር በፈንክሽን ፈንታ ነል፣ ማለትም «ምንም»፣ መስጠት «ይህ አዝራር አይሠራም» ማለት ነው፤ አዝራሩ ይደበዝዛል። ቅጹ ሳይሞላ «ላክ» እንዳይነካ የሚደረገው በዚህ ነው። አሁን አንድ ሰው መዝጋቢ ለመጨመር ፈንክሽኑን ይሸፍናል። ሽፋኑ ሁልጊዜ አለ፤ ስለዚህ ውስጡ ነል ቢሆንም አዝራሩ ይበራል። ተጠቃሚው ያልሞላውን ቅጽ ይነካል፤ ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ አፑ ይወድቃል። የአንድሮይዱ ሴትኦንክሊክሊስነርም የሚመስለው ጠባይ አለው፤ አድማጭ የተሰጠውን ማንኛውንም ነገር «ተነኪ» ያደርገዋል፤ ነል ቢሰጠውም እንኳ። ተራ ጽሑፍ ላይ መዝጋቢ ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው ጽሑፉን አዝራር አድርጎታል። ሽፋን የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ውስጡ መኖሩን ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ተራ ነው። መዝጋቢው ከላኪው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነና መዝጋቢው በስህተት ቢወድቅ ብሩ አይሄድም። ሲሻርፕ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ አድማጮቹ በተጨመሩበት ተራ ይጠራሉ፤ አንዱ ያልተያዘ ስህተት ከወረወረ ከኋላው ያሉት አይደርሳቸውም። በኋላ ከሆነ ደግሞ ላኪው ገጹን ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል መዝጋቢው የሚመዘግበው ገጽ የለም። እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ የሚከለክል ሥራ፣ ለምሳሌ የሚስጥር ቁጥር ጥያቄ፣ በፊት ይሁን፤ የመከልከል ሥልጣንም ይኑረው። የሚመለከት ሥራ በኋላ ይሁን፤ ስህተቱንም በራሱ ይያዝ፤ ዋናውን የመጣል መብት የለውም። በአይፎን አግዳሚ ላይ ግን በተቀማጮቹ ተራ መመካት አይገባም፤ ተራ ካስፈለገ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ማሰለፍ ነው።

አሁን ወደ ጣቱ ልመለስ። በአንድሮይድ ወንበሩ ተይዞ ሲቸገሩ ብዙዎች ጎረቤቱን ይጠቀማሉ፤ የንክኪ አድማጭ፣ ኦንተችሊስነር የሚባለው ሌላ ወንበር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። እዚያ የተቀመጠ ኮድ ጣት ሲያርፍም ሲነሣም ይጠራል። «እውነት» ብሎ ከመለሰ ንክኪውን ዋጥ ያደርገዋል፤ ዋናው ጠቅታ አይመጣም። «ሐሰት» ብሎ ከመለሰ ያልፋል። እንግዲህ ሐሰት መልሶ ጎን ለጎን መሥራት ይቻላል፤ ሲሞከርም ይሠራል።

አሁን ግን ስልኩን ለዓይነ ስውር ሰው ስጡት። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ቶክባክ በርቷል። ሰውየው ጣቱን በስክሪኑ ላይ ያንሸራትታል፤ ድምፁ «ላክ፣ አዝራር» ይለዋል። የትም ቦታ ላይ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ አንድሮይድ ለአዝራሩ የሚልከው ንክኪ ሳይሆን «ጠቅ በል» የሚል ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ፐርፎርምክሊክ ይሄዳል። የንክኪ አድማጩ አይጠራም። በዚያ የተቀመጠው የሚስጥር ቁጥር ጥያቄ ከሆነ ሰውየው ሳይጠየቅ ገንዘቡ ይሄዳል። ጥበቃው ለሚያይ ብቻ ተሠራ ማለት ነው። ንክኪውን ውጦ በራሱ የሚልክ ኮድ ከሆነ ደግሞ ለሰውየው አዝራሩ ሙት ነው፤ ሃያ ጊዜ ቢመታውም አይልክለትም። በውጭ ኪቦርድ ኢንተር የሚጫን፣ እጁ ስለማይታዘዝለት በስዊች አክሰስ የሚጠቀም ሰውም የሚደርስበት ይኸው ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ በንክኪ አድማጭ ውስጥ ፐርፎርምክሊክን ያልጠራ ኮድ ሲያይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ያን ማስጠንቀቂያ ስንቶቻችን ዝም አሰኝተነው አለፍን! እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ፤ ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛዬ የሠራሁትን አፕ ይዞ «ይሄ ቁልፍ አይሰማኝም» እስካለኝ ድረስ።

ስለዚህ ጭማሪው የሚቀመጠው በሥራው ላይ ነው፤ በጣቱ ላይ መሆን የለበትም። መሸፈንን ከሁሉ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ የተሸፈነ ፈንክሽን ጠቅታው ከጣት ይምጣ፣ ከድምፅ ወይም ከኪቦርድ ይምጣ፣ አይለይም።

የሁለቴ ንክኪ ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይበቃዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው ደግሞ ይነካል፤ ይህ ጥፋቱ አይደለም። በሽፋኑ ውስጥ የመጨረሻውን ሰዓት ይዞ ከግማሽ ሰከንድ በታች የመጣውን ሁለተኛ ጠቅታ መተው የተለመደ ነው። ሰዓቱ ግን ስልኩ ከሚያሳየው ሰዓት አይወሰድ፤ ተጠቃሚው ሰዓቱን ወደ ኋላ ከመለሰው አዝራሩ ለረዥም ጊዜ ሊቆለፍ ይችላል። ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ የሚቆጥረው ኢላፕስድሪልታይም ለዚህ የተሠራ ነው። ይህም ሆኖ ገንዘብን በአዝራር ብቻ መጠበቅ አይቻልም። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ይዞ ሄዶ፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለቴ ሲያይ ሁለተኛውን እንዲተው ካልተደረገ፣ ከስልኩ በኩል የሚደረገው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው።

አዝራር አንድ በአንድ መሸፈን የሰለቻቸው ድርጅቶች ሁሉንም በአንዴ የሚይዝ መንገድ ይፈልጋሉ። በአይፎን ስዊዝሊንግ፣ የአንዱን ተግባር አካል በሌላው መለዋወጥ፤ በአንድሮይድ ደግሞ አፑ ሲጠናቀር የተጠናቀረው ኮድ ውስጥ መስመር ማስገባት። የአጠቃቀም መረጃ የሚሰበስቡ ላይብረሪዎች በዚህ ይሠራሉ፤ ለመቁጠር ያህል ይበቃል። ከመቁጠር ላለፈ ሥራ ግን አልመርጠውም። ኮዱን የሚያነብ ሰው የማያየው ነገር አዝራሩ ላይ ይሠራል፤ ሁለት ላይብረሪዎች ያንኑ ተግባር ሲለዋወጡ ደግሞ ማን ማንን እንደሸፈነ ለማወቅ ቀናት ያልቃሉ።

ያቺን የመጀመሪያዋን መስመር ያረምኳት በአሥር ደቂቃ ነው። ገንዘብ ላኪውን ከገጹ ኮድ ውስጥ አወጣሁት፣ ስም ሰጠሁት፣ መዝጋቢውን ከኋላው አስከተልኩ፣ ሁለቱን የያዘውን አንድ ፈንክሽን ለአዝራሩ ሰጠሁት። የቀረውን ሰዓት የወሰደው በዚያው አፕ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ወንበር የነጠቁባቸውን አዝራሮች መፈለግ ነበር፤ ሦስት አገኘሁ።

ይህን የምታነቡ አፕ ሠሪዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነባር አዝራር ላይ ምንም ነገር ስትጨምሩ፣ ከመላካችሁ በፊት ከስልኩ ሴቲንግ ቶክባክን አብሩት፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና ያንኑ አዝራር ፈልጋችሁ ሁለቴ መታ መታ አድርጉት። የቀድሞውም አዲሱም ሥራ አንድ አንድ ጊዜ ከተሠራ ላኩት፤ ካልሆነ ገና አላለቀም።